ጆንያው ሥር ያለው ጤፍ

እናቴ ጤፍ ስትገዛ ከላይ የሚታየውን አታምንም። እህል በረንዳ ስትሄድ እጅጌዋን ትሰበስብና ክንዷን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ትከተዋለች። ከመሃል ትዘግናለች፣ ከሥር ትዘግናለች። መዳፏ ላይ ዘርግታ እፍ እፍ ትልበታለች። ሻጩ ነጩን ከላይ አድርጎ ሰርገኛውን ከሥር ቢቀብረው ያኔ ይታወቅበታል። ኩንታሉን ግን አትገለብጠውም። ሁለት ሦስት ጭብጥ ይበቃታል።

ናሙና ማለት ይኸው ነው።

አሁን አሁን የማየው ግን ሌላ ነው። አንድ የቴሌግራም ቻናል መጠይቅ ይለጥፋል። ሃያ ሺህ ሰው ይጫነዋል። በማግስቱ «ሕዝቡ ይህን ይፈልጋል» ተብሎ ይወራል። የተዘገነው ግን ከጆንያው አፍ ላይ ነው። ስማርት ስልክ ያለው፣ ዳታ የሞላ፣ ቻናሉን የሚወድ፣ ጉዳዩ ያንገበገበው ሰው ነው የመለሰው። ስልክ የሌላት የገጠር እናት የለችበትም።

«ይህን ያህል ሰው መልሶ እንዴት ይሳሳታል?» የሚሉኝ አሉ። ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊትራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ገደማ መጠይቅ በፖስታ በተነ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ደረሰው። በዚያ ዓመቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል ብሎ ጻፈ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። አድራሻዎቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን ነው? ከተላከላቸውም አብዛኞቹ አልመለሱም። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሉፕ ግን እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

ስለዚህ ጋዜጠኛ ወዳጆቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ስንት ሰው እንደመለሰ ብቻ አትንገሩን። እንዴት እንደተመረጠ ንገሩን።

በደንብ የተሠራ ናሙና በአገራችንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎችን በዕጣ መረጠ፤ ከየቦታው ደግሞ 28 ቤቶችን። ያነጋገራቸው ሴቶች 15,683 ነበሩ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን የነገረን እሱ ነው። በዚህ ጥናት ዕጣ የወጣበት ቤት በሩ ዝግ ከሆነ ጠያቂው ጎረቤት አንኳኩቶ መተካት አይችልም። ተመልሶ መምጣት አለበት። ሁሌ ቤት የምትገኝ ሴትና ከማለዳ ጀምሮ ገበያ የምትውል ሴት ኑሯቸው አንድ አይደለማ! አንድ ቅር የሚለኝ ነገር ቢኖር ዕጣው የወጣው ከ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ዝርዝር መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በየከተማው ዳር የበቀለውን መንደር አስቡት። ቆጠራው ደጋግሞ መራዘሙ ብዙ ያጎድልብናል።

አጠያየቁም ያሳስታል። ጉሊት የምትሸጥን ሴት «ሥራ አለሽ?» ብትሏት «ኧረ ቤት ነኝ» ልትላችሁ ትችላለች። «ባለፉት ሰባት ቀናት ገንዘብ ለማግኘት አንድ ሰዓት እንኳ ሠርተሻል?» ብትሏት መልሷ ይቀየራል።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ሙከራ ነው። አዲስ ዘር ይመጣል። ለሞዴል አርሶ አደሮች ይሰጣል። ምርታቸው ከጎረቤት ሲበልጥ «ዘሩ ውጤታማ ነው» ይባላል። እነዚህ ገበሬዎች ግን ድሮም የሚበልጡ ናቸው። በሬ አላቸው፣ ማዳበሪያ በጊዜ ይገዛሉ፣ ማሳቸው ለጥ ያለ ነው። ትርፉ የዘሩ ይሁን የበሬው በምን ይለያል? ሮናልድ ፊሸር የሚባለው እንግሊዛዊ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ሮታምስቴድ በተባለ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ መፍትሔውን አሳይቷል። የትኛው ማሳ ምን እንደሚደርሰው ዕጣ ይወስን አለ። ዕጣ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እቁባችን በዕጣ ነው። ዘሩን ለግማሹ በዕጣ ሰጥቶ ከቀሪው ጋር ማወዳደር ይቻላል። ያን ሳናደርግ ዘሩን ስናሞግስ፣ ሰምቶ ተበድሮ የሚገዛው ማሳው ተዳፋት የሆነው፣ በሬ የሚከራየው ገበሬ ነው። ባይበቅልለትም ዕዳው አይቀርለትም።