እርማት፦ 75 ኦም በመልቲሜትር አይለካም

ወንድሜ፣ «ደሴ ፒያሳ የገዛሁት የዲሽ ኬብል 75 ኦም ይላል፤ በመልቲሜትር ስለካው ግን ምንም አያነብም፤ ፎርጅድ ነው» ብለሃል። ኧረ ሻጩን አትጣላው! ጫፉ ክፍት በሆነ ኬብል የመሃል ሽቦውና በዙሪያው ያለው የሽቦ መረብ አይነካኩም። ስለዚህ ምንም አለማንበቡ ጤናው ነው። እንዲያውም 75 ቢያነብ ነበር የሚያሳስበው።

75 ኦም የኬብሉ ኢምፔዳንስ ነው፤ ይኸውም በኬብሉ ውስጥ የሚጓዘው ሲግናል የቮልቴጅና የከረንት ጥምርታ ነው። የሚወስነው የመሃል ሽቦው ውፍረት፣ የመረቡ ስፋትና በመካከላቸው ያለው ፕላስቲክ ነው። ርዝመት አይቀይረውም፤ ከፒያሳ እስከ ጦሳ ተራራ ቢዘረጋም ያው 75 ነው። ርዝመት የሚበላው የሲግናሉን ኃይል ነው፤ የቀነሰው መጠን በዴሲቤል ይለካል። 3 ዴሲቤል ሲቀንስ የሲግናሉ ኃይል በግማሽ ይወርዳል፤ 10 ሲቀንስ አንድ አስረኛው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ የጠቀለልከውን ትርፍ ኬብል ቁረጠው።