ገበያ ያልተመቸው ፍሬ

ብዙዎቻችን እንጆሪ እያልን የምንጠራው ሙልቤሪ፣ መልኩ ቢያሳስትም በዝምድናው ከሾላና ከበለስ ወገን ነው። የሐር ትል ቀለቡ የዚህ ዛፍ ቅጠል በመሆኑ ስለ ተክሉ የሚነገረው አብዛኛው ነገር በቅጠሉ ላይ ያተኩራል፤ ፍሬው ግን ወፍ የሚለቅመው፣ የተረፈውም ግቢ የሚያቆሽሽ ትርፍ ነገር ተደርጎ ይታያል። ይህ ግምት ፍሬውን ይበድላል።

ፍሬው የተዘነጋው ጉድለት ኖሮበት ሳይሆን ለገበያ ስለማይመች ነው። በደንብ የበሰለ ጥቁር ሙልቤሪ በሁለት ጣት ሲያዝ ወዲያው ፈርጦ እስከ ጥፍር ሥር ያቀልማል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም። ሩቅ መንገድ የማይችለውን ፍሬ ነጋዴ ስለማይደፍረው፣ ትኩሱን አዘውትሮ የሚበላው ዛፉ በደጁ ያለው ሰው ነው።

ማልማቱም አያስቸግርም። የእርሳስ ውፍረት ካለው ጠንካራ ቅርንጫፍ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ሦስት ወይም አራት እንቡጥ ያለው ቁራጭ ተወስዶ አብዛኛው ክፍሉ እርጥብ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ሥር ይሰዳል፤ ላይና ታቹ ከተገለበጠ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። ቁራጩ ፍሬ ሲሰጥ ከታየ ዛፍ መወሰድ ይኖርበታል፤ ወንዴ ብቻ የሆኑ ዛፎች አያፈሩም፣ የሚበትኑት የአበባ ብናኝም አለርጂ ያስነሳል። ከቁራጭ የበቀለው በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ማፍራት ሲጀምር፣ ከዘር የበቀለው እስከ አሥር ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። ካልተገረዘ ከ10 ሜትር በላይ ይመዘዛል፤ ያን ጊዜ ምርቱ የወፎች ነው።

ወደ ምግብነቱ ስንመጣ፣ 100 ግራም ትኩስ ፍሬ 43 ኪሎ ካሎሪ፣ 36 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ እና 1.9 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ብረት አለው። የብረቱ መጠን ለለስላሳ ፍሬ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ቫይታሚን ሲው ደግሞ ሰውነት ያንን ብረት እንዲጠቀምበት ያግዛል። ሆኖም «ደም ይሞላል» የሚለው ወሬ ልክ ሊበጅለት ይገባል፤ በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን የሚያስፈልጋትን 18 ሚሊ ግራም ብረት ከሙልቤሪ ብቻ ላግኝ ብትል አንድ ኪሎ ሊሞላ የተቃረበ ፍሬ መብላት ይኖርባታል። ሲደርቅ ስኳሩ ይከማቻል፣ ቫይታሚን ሲውም ይቀንሳልና፣ ደረቁን እንደ ትኩሱ መቁጠር ስህተት ነው። ያልበሰለው ፍሬና ከግንዱ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ደግሞ ሆድ ያውካሉ።

ለለቀማ ከዛፉ ሥር ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ ቅርንጫፉን ቀስ ብሎ መነቅነቅ ይበቃል፤ የበሰለው ብቻ ይወርዳል። ልብስ የሚሰጣበትን ገመድ ግን ከዛፉ ማራቅ ያስፈልጋል።