የልብ ሴል የሚያርፍበት፦ ደብረ ብርሃን ከበግ ልብ ትጀምር

ስቴም ሴልን (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችለውን ሴል) ወደ ልብ ጡንቻ ስለመቀየር ሲወራ ሁሉም የሚጠይቀው ሴሉ ከየት እንደሚመጣ ነው። ምን ላይ እንደሚያርፍ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ብዙ ልፋት መና የሚቀረው ግን እዚሁ ላይ ነው። ሴሎችን ከውጭ አቅፎ የያዘው የፕሮቲን መረብ ማትሪክስ ይባላል። ኮላጅን ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ ላሚኒንና ፋይብሮኔክቲን ደግሞ ኢንቴግሪን በሚባሉት የሴሉ መያዣዎች በኩል ምልክት ያስገባሉ።

በተለመደው አሠራር የላቦራቶሪ ሳህኑን ለሸፈኑት ስቴም ሴሎች መጀመሪያ ዊንት የተባለውን የሴል ምልክት የሚቀሰቅሰው ሲኤችአይአር 99021 የተባለ ኬሚካል 12 ማይክሮሞላር ገደማ ይጨመራል፤ በሦስተኛው ቀን ያንኑ ምልክት የሚዘጋው አይደብልዩፒ 2 በ5 ማይክሮሞላር። ኢንሱሊን እስከ ሰባተኛው ቀን አይገባም። ከ8ኛው እስከ 12ኛው ቀን ሴሎቹ መምታት ይጀምራሉ። መጠኑና ቀኑ ተጠብቆም ሴሎቹ እንዲይዙበት ሳህኑ የተቀባው የማትሪክስ ሽፋን ከሳሳ ሴሎቹ ከዳር እየተጠቀለሉ ይነሳሉ። የወለሉ ግትርነትም ይቆጠራል፦ ጤናማ የልብ ጡንቻ 10 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ እንደ ጠባሳ በጠጠረ ወለል ላይ ግን የጽንስ ልብ ሴሎች ምታቸውን ያቆማሉ።

ለዚህ ሽፋን ብዙ ላቦራቶሪ የሚጠቀመው ጄል ከአይጥ ዕጢ የሚወጣ ነው። በረዶ ሆኖ ተጓጉዞ፣ ሌሊቱን በ4 ዲግሪ ቀልጦ፣ በቀዘቀዘ ፒፔት መነካት አለበት፤ ከ10 ዲግሪ ካለፈ ይረጋል፣ ሽፋኑም ይጓጉላል። መንገድ ላይ አንዴ ቅዝቃዜው ከተቋረጠ ገንዘቡ ጠፋ ማለት ነው።

ሰሜን ሸዋ የበግ አገር ነው። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ በዚያ ጄል ፈንታ የሚሆን ማትሪክስ ማዘጋጀትን ከቄራ በሚመጣ የበግ ልብ ቢጀምረው እንወዳለን። ልቡ እንደታረደ በበረዶ ይምጣ፤ የግራው ጡንቻ ከስቡ ተለይቶ በስሱ ይቆረጥ፤ ከዚያም ሴሎቹን አጥቦ አውጥቶ ማትሪክሱን በሚያስቀረው፣ 1 በመቶ ኤስዲኤስ በተባለው ዲተርጀንት (እንደ ሳሙና ያለ ማጠቢያ) ውስጥ፣ በየቀኑ እየተለወጠ፣ ቀይነቱ ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ እስኪሆን ይቆይ። እዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ያታልላል፦ ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኤስዲኤስ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ፖታሲየም ባለበት መፍትሔ ይብስበታል። ስለዚህ ክፍሉ ከ20 ዲግሪ አይውረድ፣ ጨውም የሶዲየም ብቻ ይሁን።

እጥበቱ ላይ መቸኮል ትልቁ ጥፋት ነው፤ የቀረ ዲተርጀንት ሴል ይገድላል። የመጨረሻው እጣቢ ሲናጥ አረፋ ካወጣ ገና ነው። የቀረው ዲኤንኤ በ1 ሚሊግራም ደረቅ ማትሪክስ ከ50 ናኖግራም እንዲያንስ ይጠበቃል። ደርቆ ከተፈጨ በኋላ ለ10 ሚሊግራም ዱቄት 1 ሚሊግራም ፔፕሲን (ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም) በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተጨምሮ፣ እየተማሰለ 48 ሰዓት ይቆይ። ፒኤቹ ወደ 7.4 የሚመለሰው በረዶ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ፔፕሲኑ ሥራውን ያቆማል። ማትሪክሱን ሙቀት ካገኘው ሳህን ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ይረጋል።

ይህ ለላቦራቶሪ ሳህን እንጂ ለሰው ደረት አይደለም። ልጆቻችንን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም መከላከያው ፔኒሲሊን ነውና ከዚያ በጀት አንድ ብር መነካት የለበትም።

ለመጀመሪያው ሙከራ ስቴም ሴል መግዛትም አያስፈልግም፦ ጄሉ መርዝ ያለበት መሆኑን ተራ ፋይብሮብላስት (የተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሴል) ይናገራል። የአንዱ በግ ልብ ከሌላው ስለሚለይ የአምስት ስድስት ልብ ዱቄት ይደባለቅ፣ የበጎቹ ዕድሜና ፆታም በጠርሙሱ ላይ ይጻፍ።