ሽንፈት አሳማሪዎች ይክበሩልን

ሰሞኑን በአንድ የስፖርት ፕሮግራም ላይ የቀረቡ ተንታኝ፣ ብሔራዊ ቡድናችን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያው 10 ጨዋታ አድርጎ 9 ነጥብ ብቻ የሰበሰበው ለምን እንደሆነ ተጠየቁና ‹‹ውጤቱን ብቻ አንመልከት፤ ልጆቻችን ትልቅ ልምድ ቀስመዋል›› ብለው መለሱ። ጋዜጠኛው አመሰገናቸው፣ ማስታወቂያ ገባ፣ ነገሩም በዚሁ ተዘጋ። አንባቢዬም ይህን መልስ ሰምቶ ጥርሱን እንዳፋጨ ስለማውቅ ለማብራራት አልደክምም። እኔ ራሴ አንቱታ በማይቀናው የድሬዳዋ አንደበቴ ‹‹አቦ ተወና!›› ብዬ ሬዲዮው ላይ ልጮህ ከዳዳኝ በኋላ ግን ቆም ብዬ አሰብኩ። አሠልጣኝ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ተጫዋችም አበል ይቆረጥለታል፤ ሽንፈታችንን ከነጭቃው ተቀብሎ፣ አጥቦና ተኩሶ፣ አጣጥፎ የሚያስረክበን ሰው ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን በአደባባይ አልተመሰገነም። ይህ ጽሑፍ ያንን ዕዳ ለመክፈል የተጻፈ ነው።

በልምድ እንጀምር። ከ1974ቱ የሊቢያ ውድድር እስከ 2005ቱ የደቡብ አፍሪካ ውድድር ድረስ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቀን ልምድ ቀሰምን። ደቡብ አፍሪካ ስንደርስም ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያይተን፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ልምዳችንን አዳበርን። ከዚያ በኋላ የገባንበት ውድድር በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ የተደረገው ሲሆን፣ ከዚያም አንዲት ነጥብና የማይቆጠር ልምድ ይዘን ተመለስን። ይህን ያህል ልምድ ያካበተ ሠራተኛ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ቢገኝ ኖሮ ሰዓትና ብርድ ልብስ ተሸልሞ በክብር ጡረታ ይሸኝ ነበር፤ የእኛ ቡድን ግን ገና እየቀሰመ ነው።

የሽንፈት አሳማሪዎቻችን ጥበብ ከፍ ብሎ የታየው በሜዳ ጉዳይ ነው። የድሬዳዋ ሰው ሆኖ ይህን የማያደንቅ ጨካኝ መሆን አለበት። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ሀገራችን 10ኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ስታስተናግድ ከምድቦቹ አንዱ የተካሄደው እዚሁ ድሬዳዋ ስታዲየም ነበር። ዋንጫውን ይዛ የመጣችው ዛየር፣ የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ በዚህ ሜዳ ላይ ከምድቧ መጨረሻ ወጥታ ተሰናበተች። ሞሮኮ በበኩሏ ዛየርንና ናይጄሪያን አሸንፋ፣ ከሱዳን ጋር አቻ ወጥታ፣ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ወጣችና ዋንጫውን ወሰደች። ያኔ ሞሮኮዎች ኳስ ሊጫወቱ ወደ ድሬዳዋ ይመጡ ነበር፤ በቅርቡ ዓመታት ግን እኛ በባለሜዳነት ለመጫወት ሞሮኮ ድረስ ሄደናል። ሜዳችን የአፍሪካን መመዘኛ አያሟላም ከተባለ ወዲህ ‹‹በሜዳችን›› የተባሉ ጨዋታዎችን ጆሃንስበርግ፣ ሊሎንግዌ፣ ዳሬሰላም፣ ኤል ጃዲዳ፣ ኪንሻሳና ካዛብላንካ ላይ አድርገናል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ግብፅን ‹‹ያስተናገድነው›› ካዛብላንካ ላይ ሲሆን፣ እንግዳ ተቀባይነታችንም እንደ ወትሮው የተሟላ ስለነበር 2 ለ 0 አሸንፋ ሄደች።

ይህ ለተራ ሰው ውርደት ይመስላል። ለአሳማሪዎቻችን ግን በረከት ነው፤ ‹‹ባዶ ስታዲየም ውስጥ መጫወት ተጫዋቾቻችንን ከደጋፊ ጫና ነጻ ያወጣቸዋል›› ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማስረጃም አያጡም፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ከደጋፊያችን ርቀን አይደለምን? እውነት ነው፤ ያን ቀን ልጆቹ የተጫወቱትን ጨዋታ ያየ ሰው አይረሳውም። ከዚያ ድል በኋላ ግን ማጣሪያውን እንዳላለፍን የሚያነሣ ቢኖር ጨለምተኛ ይባላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የጅቡቲ ነገር ነው። ከድሬዳዋ ለገሃር ተነሥቶ የባቡሩን ሐዲድ የተከተለ ሰው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ጅቡቲ ይገባል፤ ሸቀጡም፣ ዘመዱም፣ ወሬውም በዚያው መሥመር ሲመላለስ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሁለቱ ጎረቤታሞች ብሔራዊ ቡድኖች ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲገናኙ ግን የተገናኙት ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ሞሮኮ ላይ ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. 1 ለ 1 ተለያየን። ጅቡቲ በመላው ማጣሪያ ያገኘችው አንዲት ነጥብ ይህችው ከእኛ የወሰደቻት ናት። ጎረቤት ባዶ እጁን እንዳይመለስ መጨነቅ የማንን ባህል እንደሚያሳይ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ባለውለታችን፣ ወደ ሒሳብ ዐዋቂው ልሻገር። እሱ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ከዚራ ጥላ ሥርም፣ መጋላም፣ ሳቢያንም ይገኛል። ማጣሪያ በተጀመረ ማግስት ከምሳ በኋላ ለበርጫ ሲቀመጥ አንድ አጭር እርሳስና የልጁን ደብተር ይዞ ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ከሴራሊዮን 0 ለ 0 ተለያይተን በቡርኪና ፋሶ 3 ለ 0 በተሸነፍን ሰሞን እኛ አንገታችንን ደፍተን ሳለ እሱ ደብተሩን ገለጠ። ‹‹አንድ ነጥብ አለን፤ የቀሩንን ስምንቱን ብናሸንፍ 24፣ በድምሩ 25። ሃያ አምስት ነጥብ ደግሞ ያሳልፋል›› አለ። ተቃዋሚ አልተገኘም፤ መደመሩ ትክክል ነበርና። በሰኔው ከጊኒ ቢሳውና ከጅቡቲ ጋር ነጥብ ስንጋራ 25ቱ 21 ሆነ። እሱም 21 ነጥብ ሁለተኛ ለመውጣት እንደሚበቃ አስረዳን። (እውነቱን ለመናገር በዚህ አልተሳሳተም፤ ቡርኪና ፋሶ በመጨረሻ ሁለተኛ የወጣችው በ21 ነጥብ ነው። የጎደለው የእኛ 21 ነጥብ ብቻ ነበር።) ካዛብላንካ ላይ ስንሸነፍ 21ዱ ወደ 18 ወረደ፤ በዓመቱ ማብቂያ ደግሞ ግብፅና ሴራሊዮን በተከታታይ ሲያሸንፉን 12 ደረሰ። ቁጥሩ እንዲህ ሲያሽቆለቁል የሒሳብ ዐዋቂው ድምፅ ግን አንድም ቀን አልወረደም፤ እንዲያውም ወደ ምርቃናው ሰዓት ሲጠጋ ከፍ ይል ነበር።

ጥበቡ ጫፍ የደረሰው ግን ጅቡቲን 6 ለ 1 ባሸነፍን ጊዜ ነው። ሁላችንም ደስ አለን፤ እሱ ብቻ ፊቱን አጨፈገገ። በኋላ እንደገባን፣ ኤርትራ ከማጣሪያው ስለወጣች ከምድቦቹ አንዱ አምስት ቡድን ብቻ ቀርቶት ኖሮ፣ ሒሳቡ እንዲመጣጠን ሲባል፣ ሁለተኛ የወጡት ቡድኖች ለተጨማሪ የማለፍ ዕድል እርስ በርስ ሲወዳደሩ ከምድባቸው ግርጌ ከሆነው ቡድን ጋር ያደረጉት ጨዋታ አይታሰብላቸውም። ከምድባችን ግርጌ ያለችው ጅቡቲ ስለሆነች ስድስቱ ጎሎቻችን ከንቱ ሊቀሩ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ጅቡቲን ከግርጌ ማንሣት ነበር። ሒሳብ ዐዋቂው አዲስ ገጽ ገለጠና ጅቡቲ ጊኒ ቢሳውን፣ ከዚያ ሴራሊዮንን፣ ከተቻለም ግብፅን የምታሸንፍበትን ሠንጠረዥ ሠራ። ግብፅ ብትሸነፍ እኛም እንጠቀማለን፤ ጅቡቲም ከፍ ትላለች፤ ጎሎቻችንም ይተርፋሉ፤ በአንድ ጨዋታ ሦስት ድል። ‹‹ጅቡቲ ግብፅን እንዴት አድርጋ ታሸንፋለች?›› ብሎ የጠየቀ አንድ የዋህ ልጅ ‹‹ኳስ ድቡልቡል ናት›› ተብሎ ዝም አሰኙት። ምሽት ላይ ነገሩ ከዚህም አለፈና፣ 6 ለ 1 ማሸነፋችን ራሱ የስልት ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ ጅቡቲን በአንድ ጎል ብቻ አሸንፈን፣ ሞራሏን ጠብቀን፣ ተደግፋን እንድትወጣ ማድረግ ነበረብን ተባለ። እንዲህ እያለ ገና ሁለተኛ ያልወጣው ቡድናችን፣ ሁለተኛ ከወጣ በኋላ ሊቀነስበት ስለሚችል ጎል ሌሊቱ ተጋመሰ።

በዚህ ሁሉ ስሌት መካከል እኔ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ግን ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት መቀጣት የሚገባውን ተጫዋች አሰልፈን ነበርና ጨዋታው 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረ። የዘጠኝ ምድብ የጎል ልዩነት በቃሉ የሚያሰላ ሕዝብ፣ ሁለት ድረስ የሚቆጥር ሰው አጥቶ ሦስት ነጥብ ከሰረ። ያኔም የተገኘው ማጽናኛ ‹‹ከዚህ ትምህርት ወስደናል›› የሚል ነበር።

ታሪክ ጠቃሾቹንም ልዘላቸው አልችልም፤ እነሱ ባይኖሩ ማን ያጽናናን ነበር? ቡድኑ ሲሸነፍ ‹‹ካፍን፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ የመሠረትን እኛ›› ይላሉ፤ ሲሸነፍ ደግሞ ‹‹የ1954ቱን ዋንጫ የበላን እኛ›› ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። በ1949 ዓ.ም. ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆነን ካፍን መሥርተናል፤ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ከውድድሩ በመውጣቷም አንድም ኳስ ሳንመታ ለመጀመሪያው ፍጻሜ ደርሰናል። (ስናልፍ በሒሳብ የማለፍ ልማዳችን ሥር የሰደደ መሆኑን ልብ ይሏል።) በጥር 1954 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ቱኒዚያን፣ ቀጥሎም በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን፣ ሁለቱንም 4 ለ 2 አሸንፈን፣ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ውድድሩ የአራት ሀገሮች እንደነበር ማንሣት ነውር ነው፤ እኔም አላነሣሁም።

እዚህ ላይ ግን ሳቄ ይቋረጣል። የ1954ቱ ሰዎች ዋንጫውን ያገኙት በሰበብ አይደለም። ከየክለቡ፣ ከየፋብሪካው ሜዳ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ሉቺያኖ ቫሳሎ የዚህችው ከተማ ጥጥ ማኅበር ተጫዋች ሆኖ ያውቃል፤ ጥጥ ማኅበርና ሲሚንቶ የተባሉት የድሬዳዋ ቡድኖችም የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነዋል። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ ካፍን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ዛሬ በደቻቱ አሸዋ ላይ ወንዙ ሲደርቅ በባዶ እግራቸው የሚጫወቱ ልጆች አሉ፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ሜዳቸውን ይወስድባቸዋል። በየሰፈሩ ይጫወቱበት የነበረው ክፍት ቦታ አንድ በአንድ በቆርቆሮ ታጥሮ አልቋል። ከነዚህ ልጆች አንዱን እንኳ ስሙን ጠይቆ፣ ጫማ ገዝቶ፣ ሦስት ዓመት ያሠለጠነው ሰው የለም፤ ስለ ‹‹ልምድ›› ለማውራት ግን በየሳምንቱ ወንበር ይዘጋጃል። ሜዳ ማሠራት ያልቻለ፣ ካርድ መቁጠር ያልቻለ፣ ታዳጊ ማፍራት ያልቻለ ሁሉ ሥራውን እንዳልሠራ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ‹‹ሂደት ላይ ነን›› እያሉ የአንድን ትውልድ ዕድሜ መብላት ስርቆት ነው፤ እኛም ራሳችንን እየነቀነቅን ስንሰማ ተባባሪዎች ነን።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስና ሌሎቹን በአጭሩ ላንሣ። ለሽንፈቱ ተጠያቂው አየሩ ነው የሚሉ አሉ፤ ቆላ ስንጫወት ሙቀቱ፣ ደጋ ስንጫወት ብርዱ፣ ባሕር ዳርቻ ስንጫወት ወበቁ ይጥለናል። ዳኛው ነው የሚሉም አሉ። ‹‹ኳሱን የያዝነው እኛ ነን›› የሚሉት ደግሞ ልዩ አክብሮት ይገባቸዋል፤ በእነሱ ስሌት ጎል ማግባት የተቃራኒ ቡድን የግል ጉዳይ ነው። አሠልጣኝ ይባረር ባዮች ጥያቄያቸው በየሁለት ዓመቱ ስለሚፈጸምላቸው ብቻ ከሁሉም የበለጠ ውጤታማ ናቸው ማለት ይቻላል።

መጪው ጊዜም ብሩህ ነው። የአውሮፓውያኑን 2027 የአፍሪካ ዋንጫ የሚያዘጋጁት ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን የሸኘናት ኡጋንዳ አሁን አስተናጋጅ ሆና ሜዳ እየሠራች ነው። ይህን ዜና ለሒሳብ ዐዋቂያችን ስነግረው ደብተሩን አልገለጠም፤ ቀድሞ ጨርሶት ኖሯል። ‹‹ካለፍን እሰየው›› አለኝ፤ ‹‹ካላለፍንም አትጨነቅ፣ ናይሮቢ ቅርብ ነው፤ ሞያሌ ድረስ በአውቶቡስ ወርደን፣ ከዚያ ተሻግረን እናየዋለን። ለተመልካች ማጣሪያ የለውም።›› የመኪናውን ኪራይም ለስንት ሰው እንደሚካፈል አስልቶልኛል፤ ከእኔ የሚጠበቀው ቀብድ ብቻ ነው።