የባንድ ምርጥ አልበም የአንድ ሰው አልበም አይደለም

የቢትልስ ምርጥ አልበም የቱ ነው ሲባል ታላቅ ወንድሜ «ሳርጀንት ፔፐር» ይላል። እኔ «ሪቮልቨር» እላለሁ። ይህ ክርክር በመካከላችን ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። እሱ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፣ እኔ አዲስ አበባ። እሁድ እሁድ ይደውላል። የእናታችንን ጤና፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የኑሮ ውድነቱን እናወራለን። ከዚያ አንዳችን ነገሩን እንቆሰቁሰዋለን።

ባለፈው እሁድ ክርክሩ ከቢትልስ አልፎ ሄደ። ሌድ ዜፕሊን፣ ኩዊን፣ ሮሊንግ ስቶንስ፣ ፒንክ ፍሎይድ። ከእያንዳንዱ ባንድ አንድ አልበም ብቻ አስቀር ብትባል የቱን ታስቀራለህ? ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጥያቄው አልለቀቀኝም።

የወንድሜ መለኪያ ግልጽ ነው። ስንት ሚሊዮን ተሸጠ? ስንት ሳምንት ሰንጠረዥ ላይ ቆየ? ዓለም የመረጠውን እኛ ማን ነንና እንጥለዋለን ይላል። የኔ መለኪያ ሌላ ነው። የምንመርጠው የባንድ አልበም ከሆነ፣ ባንዱ በእርግጥ ባንድ ሆኖ የተገኘበትን እፈልጋለሁ። ከመካከላቸው አንዱን ሰው ብታወጣው አልበሙ ይፈርሳል? የሚፈርስ ከሆነ የኔ ምርጫ እሱ ነው።

እኛ ሀገር እንዲህ ማሰብ ቀላል አይደለም። ካሴት የምንጠራው በድምፃዊው ስም ነው። የጥላሁን ካሴት፣ የአስቴር ካሴት፣ የኤፍሬም ካሴት። ሮሃ ባንድ ስንቱን ካሴት እንዳጀበ የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነው። የተጫዋቾቹን ስም ሽፋኑ ላይ ፈልጎ የሚያነብ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ያለ ድምፃዊ ሲጫወተው ነው ብዙዎቻችን ጆሯችንን ወደ ተጫዋቾቹ ያዞርነው። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው ሌድ ዜፕሊንን ሲሰማ ድምፃዊውን ሮበርት ፕላንትን ብቻ ይሰማል። ኩዊን ሲባል ፍሬዲ ሜርኩሪ ነው የሚታየው። ድራም የሚመታው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። እኔም ለብዙ ዓመት አልጠየቅኩም።

መጠየቅ የጀመርኩት በ«ሪቮልቨር» ነው። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1966 ነው (ከዚህ በታችም ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። 14 ዘፈኖች፣ 35 ደቂቃ። የሚከፈተው በጊታሪስቱ በጆርጅ ሃሪሰን ዘፈን ነው፣ «ታክስማን»። ሃሪሰን እስከዚያ ድረስ የባንዱ ዋና ዘፈን ጸሐፊዎች የሌኖንና የማካርትኒ ታናሽ ሆኖ የኖረ ልጅ ነው። እዚህ አልበም ላይ ሦስት ዘፈን አለው። በራሱ ዘፈን ላይ ያለውን ያንን ስል የጊታር ሶሎ የተጫወተለት ደግሞ ማካርትኒ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ነው ልቤን የሚነካው። አንዱ ጽፎ ሌላው ይጨርስለታል።

የመጨረሻውን ዘፈን፣ «ቱሞሮው ኔቨር ኖውስ»ን ውሰዱ። ጆን ሌኖን ይዞት የመጣው ከአንድ ኮርድ እምብዛም የማይንቀሳቀስ ዘፈን ነበር። ማካርትኒ ቤቱ ውስጥ የቴፕ ክር እየቆረጠና እየቀጠለ ድምፆች ሠራ። ድራመሩ ሪንጎ ስታር ያንን የማይደክም ምት አስቀመጠ። ስቱዲዮው ውስጥ ያሉት ሰዎች የሌኖንን ድምፅ በሚሽከረከር የኦርጋን ስፒከር ውስጥ አሳለፉት። ከነዚህ አንዱን አውጡ። የሚቀር ነገር የለም። «ኤሊኖር ሪግቢ» ላይ አራቱም አንድ መሣሪያ አልነኩም፤ ስምንት የገመድ መሣሪያ ተጫዋቾች ናቸው የሚሰሙት። ማካርትኒ ብቻውን የዘፈነው ግን አይደለም። ሌኖንና ሃሪሰን ከጎኑ አሉ።

«ሳርጀንት ፔፐር»ስ? ትልቅ ሥራ ነው፣ ማንም አይክደውም። ሐሳቡ ግን የማካርትኒ ነው። በ1966 መጨረሻ ኬንያን ጎብኝቶ ሲመለስ አውሮፕላን ውስጥ ነው የመጣለት። ሃሪሰን እዚያ ላይ አንድ ዘፈን ብቻ አለው። ሪንጎ ደግሞ በኋላ ሲናገር ከዚያ አልበም ቀረጻ የሚያስታውሰው ቼዝ መማሩን ነው። ድራመሩ ቼዝ የሚማርበት ጊዜ ካገኘ እዚያ ቤት የሆነ ነገር ተለውጧል። በ«ዋይት አልበም» ጊዜ ነገሩ ባሰ። ሪንጎ ጥሎ ወጣ። «ባክ ኢን ዘ ዩኤስኤስአር» ላይ ከበሮ የሚመታው ማካርትኒ ነው። «አቤይ ሮድ» ላይ «ሂር ካምስ ዘ ሰን» ያለ ሌኖን ነው የተቀዳው። ዘፈኖቹ ውብ ናቸው፤ ባንዱ ግን እየተበተነ ነው።

ሌድ ዜፕሊን ላይ ወንድሜ «ፊዚካል ግራፊቲ»ን ያመጣል። የ1975 ድርብ አልበም ነው። «ካሽሚር» ያለበትን አልበም መቃወም ከባድ ነው። ግን ከ15ቱ ዘፈኖች አዲስ የተሠሩት 8 ናቸው። የቀሩት ከቀደሙት አልበሞች የተረፉ። የተረፈው ምግብ ይጣፍጣል፣ እሺ። እኔ ግን በአንድ ጊዜ የተሰናዳውን ማዕድ እመርጣለሁ። ያም በ1971 የወጣው፣ ሽፋኑ ላይ የባንዱም የአልበሙም ስም የሌለበት አራተኛው ነው።

አብዛኛውን የቀዱት እንግሊዝ ገጠር፣ ሃምፕሻየር ውስጥ፣ ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ ቤት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለድሆች መጠለያነት የተሠራ ቤት ነው። የስቱዲዮ ዕቃ የጫነ መኪና ደጅ ላይ አቆሙ። ለ«ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» የጆን ቦናምን ድራም መግቢያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር አደረጉት። ከላይ ከደረጃው ሁለት ማይክ ተንጠለጠለ። በቃ። የምትሰሙት የከበሮውን ድምፅ ብቻ አይደለም። የቤቱ ግድግዳም አብሮ ይሰማል። ዘፈኑ ራሱ የቆየ ብሉዝ ነው። ሜምፊስ ሚኒና ካንሳስ ጆ ማኮይ በ1929 ነው የቀዱት፤ በ1927 ሚሲሲፒ ወንዝ ግድቡን ጥሶ ሕዝቡን ያፈናቀለበትን ጎርፍ ነው የሚያወሳው። ያ የቦናም ምት እንደሚመጣ ውሃ ነው። ከሩቅ ትሰሙታላችሁ፤ የሚያቆመው የለም።

ቦናም መስከረም 1980 ሞተ። በታኅሣሥ ሦስቱ ያለ እሱ አንቀጥልም ብለው ባንዱን ዘጉት። ድራመር መቼም አይጠፋም ነበር። ባንድ ማለት ምን እንደሆነ እነሱ ያውቁት ነበር።

ኩዊን ላይ ስንደርስ ነገሩ ወደ ቤታችን ይመጣል። ሐምሌ 13 ቀን 1985 በዌምብሌይ ስታዲየም የተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት በሀገራችን ረሃብ ላይ ላሉ ወገኖች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። ኩዊን ለሃያ ደቂቃ ያህል መድረክ ላይ ቆሙ። ያንን ቪዲዮ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ሳየው ሁሌም ሁለት ነገር ይሰማኛል። አንደኛው ሰባ ሺህ ያህል ሰው በአንድ እጅ የሚያስጨበጭብ ሰው ማየት የሚያመጣው ደስታ ነው። ሁለተኛው ያን ቀን ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበበትን ምክንያት ማስታወስ ነው። ሁለቱን መለየት አልችልም። መለየትም አልፈልግም።

ወንድሜ ያንን ቪዲዮ ለማስረጃ ያቀርበዋል። ኩዊን ማለት ፍሬዲ ነው፣ አየህ አይደል ይለኛል። መድረክ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። የ1975ቱ «ኤ ናይት አት ዘ ኦፔራ» ግን ሌላ ይናገራል። አራቱም ዘፈን ጽፈውበታል። ዝምተኛው የቤዝ ተጫዋች ጆን ዲከን የጻፈው «ዩ አር ማይ ቤስት ፍሬንድ» አለ። ድራመሩ ሮጀር ቴይለር ስለ መኪና ፍቅር ጽፎ ራሱ ዘፍኖታል። «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» የፍሬዲ ድርሰት ነው። ያ ትልቅ የሚመስለው ኳየር ግን የሦስት ሰዎች ድምፅ ነው፤ የፍሬዲ፣ የብራያን ሜይና የቴይለር። ደጋግመው፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ ቀዱት። ያንን ከፍታ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ የቴይለር ነው። የፍሬዲ መስሎት የኖረ ስንቱ ነው።

ፍሊትውድ ማክ ላይ እንስማማለን፣ በተለያየ ምክንያት። ወንድሜ «ሩመርስ» ከ40 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ ይወደዋል። እኔ የምወደው ስለተሠራበት ሁኔታ ነው። በ1976 ሲቀዱት የባንዱ አባላት ጆንና ክሪስቲን ማክቪ የተባሉት ባልና ሚስት እየተፋቱ ነበር። ፍቅረኛሞቹ ሊንዚ ባኪንግሃምና ስቲቪ ኒክስ ተለያይተዋል። የሚክ ፍሊትውድም ትዳር እየፈረሰ ነው። በየቀኑ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። ክሪስቲን ስለ አዲስ ፍቅረኛዋ ዘፈን ጻፈች። ለጆን ግን ስለ ውሻዬ ነው አለችው። በዚያ ዘፈን ላይ ቤዝ የሚጫወተው ጆን ነው። እስቲ አስቡት። «ዘ ቼይን» የሚባለው ዘፈን ደግሞ ከአልበሙ አምስቱም በደራሲነት የተመዘገቡበት ብቸኛው ነው። ሰንሰለት ብለው መጥራታቸው ምን ይገርማል። መጨረሻው አካባቢ ሁሉም ዝም ይልና የጆን ቤዝ ብቻውን ይገባል። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ሥራዬን አቆማለሁ።

ብላክ ሳባዝ ብዙ አያከራክርም፤ «ፓራኖይድ» ነው። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በርሚንግሃም ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ በማሽን አጣ። ከፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ። ለስላሳ የጊታር ክር ፈለገ። ያ ከባድ ድምፅ ያለዚያ ጉዳት ዛሬ እንደምናውቀው ሆኖ አይወጣም ነበር። የአልበሙን ስም የሰጠውን ዘፈን ደግሞ አልበሙ አጠረ ተብሎ በጥድፊያ ነው የጻፉት።

አሁን መለኪያዬ ወደሚፈተንበት ልምጣ። ሮሊንግ ስቶንስ። በኔ ሕግ «ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት» መውደቅ አለበት። በ1971 ከእንግሊዝ ግብር ሸሽተው ደቡብ ፈረንሳይ ገቡ። ኪት ሪቻርድስ በተከራየው ቪላ ምድር ቤት ውስጥ ነው የሚቀዱት። ሙቀቱና እርጥበቱ ጊታሩን ከቅኝት ያወጣዋል። አንዱ ሲመጣ ሌላው የለም። «ሃፒ» ሲቀዳ ከሪቻርድስ ጋር የነበሩት ሳክስፎኒስቱና ፕሮዲዩሰሩ ናቸው። ከበሮውን የመታው ፕሮዲዩሰሩ ነው። «ተምብሊንግ ዳይስ» ላይ ቤዙን የተጫወተው ጊታሪስቱ ሚክ ቴይለር ነው። ይህ ባንድ ነው? ቢሆንም 18ቱንም ዘፈን ሳልዘል እሰማለሁ። ሁሉም ነገር የተቀላቀለበት፣ ድምፃዊው ከመሣሪያው ሥር የተቀበረበት፣ ሌሊቱ የማያልቅበት አልበም ነው። «ስቲኪ ፊንገርስ» ከሱ ይልቅ ንጹሕ ነው። ልቤ ግን ወደ ምድር ቤቱ ይሄዳል። እዚህ ላይ ለሕጌ ታማኝ አይደለሁም፤ ወንድሜም አልማረኝም።

ፒንክ ፍሎይድ ላይ ነው የተሸነፍኩት። በኔ መለኪያ መልሱ የ1973ቱ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ነው። የአራቱም እጅ አለበት። የሪቻርድ ራይት ኪቦርድ ባይኖር ግማሹ ይጠፋል። «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» የእሱ ዜማ ነው። ክሌር ቶሪ የተባለች ዘፋኝ ለአንድ ቀን ሥራ በ30 ፓውንድ ተጠርታ መጥታ ያለ ምንም ግጥም ያለቀሰችበት ዘፈን ነው። ሙሾ የሚያውቅ ሰው ያንን ድምፅ ማንም ሳይተረጉምለት ይገባዋል። ስድስት ዓመት ቆይተው «ዘ ዎል»ን ሲሠሩ ራይትን ከባንዱ አስወጡት። ስለዚህ «ዘ ዎል» ለኔ የቤዝ ተጫዋቹ የሮጀር ዋተርስ አልበም ነው። ወንድሜም ይህን ምርጫ ይደግፋል ብዬ ጠብቄ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከ1973 እስከ 1988 ባሉት ዓመታት 741 ሳምንት ሰንጠረዥ ላይ የቆየ አልበም ነውና።

እሱ ግን «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» አለኝ። የ1975ቱን። ቁጥሩን ሁሉ ትቶ።

ምክንያቱን ጠየቅኩት። ሰኔ 1975 ስለሆነው ነገር አነሣ። ባንዱ አቤይ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ»ን እየሠራ ነው። ዘፈኑ ስለ ሲድ ባሬት ነው፤ ባንዱን ከመሠረቱት አንዱ፣ አእምሮው ታውኮ በ1968 የተለየው ጓደኛቸው። አንድ ወፍራም ሰው ገባ። ፀጉሩንም ቅንድቡንም ተላጭቷል። ማን እንደሆነ አላወቁትም። ሲድ ነበር። ሲያውቁት አለቀሱ።

«አንተ ሰው ሲወጣ የሚፈርስ አልበም ነው የምትፈልገው» አለኝ ወንድሜ። «ይሄ ደግሞ የወጣው ሰው ነው የሠራው። ሰባት ዓመት አብሯቸው ያልነበረ ሰው። እሱ አባል አይደለም?»

መልስ አልነበረኝም። ወንድሜ ከቤት የወጣው እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው። ካሴቶቹን ለኔ ትቶልኝ ሄደ። ያ አልበም ከመካከላቸው ነበር። ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም ተባባልን። ከዚያ እሺ፣ ይህን ወሰድክ አልኩት። «ሪቮልቨር»ን ግን አልለቅለትም።