የተረቷን ጠንቋይ አሮጊት ባባ ያጋን በሦስት ዙር የጣላችሁ ሆይ፣ ክንዳችሁ ይባረክ!

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የምናብ ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ፣ ጠረጴዛ ከበው ዳይስ እየወረወሩ ጠንቋይና ጦረኛ ሆነው የሚያመሹ ሰዎች በዝተዋል። ከእነዚህ ሁሉ መሃል ልዩ ምስጋና የሚገባቸው አሉ። «የኔ ጀብዱ የስላቭ አፈ ታሪክ ነው» የሚሉት ጌም ማስተሮች፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመሩት። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

አሠራራቸው ያስቀናል። በረዶ ይወርዳል፣ ጫካው ይጨልማል፣ የመንደሩ ሰው በሙሉ የፀጉር ኮፍያ አድርጎ ቮድካ ይጠጣል። ስሙ ኢቫን ነው። ኢቫን ያልሆነው ቦሪስ ነው። ፖላንዱስ? ሰርቡስ? ቡልጋሩስ? እነሱም ስላቭ አይደሉም እንዴ? ዝም በሉ፣ ሁሉም ኢቫን ነው። ለአማልክቱም አያስቡም። ስለ ቼርኖቦግ በዋናነት የምናውቀው ሄልሞልድ የሚባል የ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ቄስ ጫር አድርጎ ያለፈውን ነው። ጌም ማስተራችን ግን ሠራዊቱን፣ ቤተ መንግሥቱንና የጋሻውን ቀለም ሳይቀር ያውቃል። ተሰጥኦ ነው።

ከዚያ ባባ ያጋ ትመጣለች። በሩሲያ ተረት ይህቺ አሮጊት ሙቀጫ ውስጥ ተቀምጣ፣ በዘነዘና እየቀዘፈች፣ ዱካዋን በመጥረጊያ እያጠፋች ትበራለች። ጎጆዋ በዶሮ እግር ቆማለች። እኛ ሳር ቤት ላይ አደባባይ የሰየምንለት ፑሽኪንም ጎጆዋን በግጥሙ አንስቷታል፤ በርም መስኮትም የላት ብሎ። ተረት ሰብሳቢው አፋናስዬቭ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካሳተማቸው ተረቶች በአንዱ ደግሞ ቫሲሊሳ የምትባል ልጅ እሳት ልትለምን ወደዚህች አሮጊት ትላካለች። አጥሩ የሰው አጥንት ነው። ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። እናቷ ስትሞት በሰጠቻት አሻንጉሊት እየታገዘች የታዘዘችውን ሁሉ ሠራች። በመንገድ ስላየቻቸው ሦስት ፈረሰኞች ጠየቀች፤ ነጩ ቀን፣ ቀዩ ፀሐይ፣ ጥቁሩ ሌሊት መሆኑ ተነገራት። ቤት ውስጥ ስላየችው ግን ትንፍሽ አላለችም። አሮጊቷም ደስ አላት፤ ገመናዋ እንዲወጣ አትወድማ! ሥራውን እንዴት ቻልሽው ስትባል፣ ልጅቷ «በእናቴ ምርቃት» አለች። የተመረቀ ሰው ቤቴ አልፈልግም ብላ አስወጣቻት፤ ዓይኑ የሚነድ የራስ ቅል አስይዛ።

አሁን ይሄ ጨዋታ ነው? እጅ መንሳት፣ አፍን መጠበቅ፣ ምርቃት! ማን ለዚህ ቅዳሜውን ይሰጣል? የኛ ጌም ማስተር አስተካክሎታል። በመጀመሪያው ዙር ቀስት፣ በሁለተኛው የእሳት ኳስ፣ በሦስተኛው አሮጊቷ ወደቀች። ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ይባል ነበር፤ እዚህ ተልባዎቹ ሙቀጫውን ሰብረው ወርቁን ተካፈሉ። አንድ የዋህ ተጫዋች ብቻ «ጤና ይስጥልኝ ብላት ምን ይላል?» ብሎ ነበር። ዳይስ ወርውር ተባለ። አራት ብቻ ወጣበት። ሰላምታው ከሸፈ።

ኮሼይማ ያሳዝናል። የማይሞተው ኮሼይ ሞቱን መርፌ ውስጥ ደብቋል። መርፌዋ እንቁላል ውስጥ፣ እንቁላሏ ዳክዬ ውስጥ፣ ዳክዬዋ ጥንቸል ውስጥ፣ ጥንቸሉ ሳጥን ውስጥ፣ ሳጥኑ ደሴት ላይ ከኦክ ዛፍ ሥር። (እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ብቻውን የስድስት ወር ጀብዱ ይወጣዋል።) በ1983 እ.ኤ.አ. ግን ስሙ ጨዋታው ውስጥ የበረዶ ግዙፋን ጌታ ለሆነ ጋኔን ተሰጠ፤ በእጁም ትልቅ የብረት መዶሻ። መርፌዋ ወጣች፣ መዶሻው ገባ። ለመርፌ ማን ይቸገራል?

ሌሺ የጫካው ባለቤት ነው። መንገድ ቢያስትህ ልብስህን ገልብጠህ፣ ጫማህን ቀኝና ግራ አቀያይረህ ታመልጠዋለህ። አሁን በመጥረቢያ ነው። ዶሞቮይ ደግሞ ከምድጃ ኋላ የሚኖር የቤት ቆሌ ነው። ገበሬው ቤት ሲቀይር ከአሮጌው ምድጃ ፍም ይዞ፣ «አያታችን፣ ወደ አዲሱ ቤት ይምጡ» ብሎ በክብር ይጋብዘዋል። ጀማሪ ጀግኖቻችን ምድር ቤት ወርደው ይገድሉታል። የቤቱ ባለቤቶችም አመስግነው ይከፍሏቸዋል!

ለሚቀጥለው ጀብዱ አንዲት ባለሙያ ልጠቁማችሁ። የእኩለ ቀን እመቤት ትባላለች። በቀትር ሐሩር ከእርሻ ያልገባውን ሰው ትይዘዋለች። በምሥራቅ ጀርመን በሚኖሩት ስላቮች፣ በሶርቦች ዘንድ፣ ከእጇ የሚወጣው አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ተልባ ማውራት የቻለ ነው፤ ከዘሩ ጀምሮ ፈትል እስኪሆን። አስቡት፣ ጠረጴዛው ዙሪያ አምስት ሰው ላብ በላብ ሆኖ የተልባ አዝመራ ሲያስታውስ። እናንተ ጋ ስትደርስ ግን ክንፍ አብቅላ፣ እሳት እየተፋች እንደምትመጣ አልጠራጠርም። ሂት ፖይንቷን፣ ማለትም የሕይወት ነጥቧን፣ ብቻ አትሰስቱባት።