የተመረዘው አፈር ከመዛቁ በፊት ናሙናው ይወሰድ

ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባበት ወንዝ እንጂ የሚወጣበት የለውም። ከተፋሰሱ እርሻዎች በጥቁር ውኃ ወንዝና በክረምት ጎርፍ ታጥቦ የሚወርደው ፀረ ተባይ ቶሎ የማይፈርስ ዓይነት ከሆነ ማረፊያው የሐይቁ ደለልና የዓሣው ስብ ነው። በሐይቁ ዓሦች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ዲዲቲ የተባለውን ፀረ ተባይና ዲዲቲ ሲፈርስ የሚተካውን ዲዲኢን አግኝተዋል። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርደን ጥሬ የቆሮሶ ዓሣ በዳጣ ስንበላ ግን የምናማርረው ስለ ዋጋው ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ እነዚህን ኬሚካሎች የሚገድበውን የስቶክሆልም ስምምነት ያጸደቀች አገር ናት፤ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ከነበረው ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይም ብዙው ለቃጠሎ ወደ አውሮፓ ተልኳል። በበርሜል ላለ መርዝ ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነው። የእኔ ክርክር በርሜሉ ያፈሰሰበትን አፈር የሚመለከት ነው፤ ተዝቆ ከመጣሉ ወይም ሲሚንቶ ከመልበሱ በፊት ናሙናው ተወስዶ፣ ተመዝግቦ ይቀመጥ እላለሁ።

መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎችን ለማግኘት የተሻለው ቦታ መርዙ ለዓመታት የከረመበት መሬት ነውና። ጃፓን ውስጥ ስፊንጎቢየም ጃፖኒኩም የተባለው ባክቴሪያ የተገኘው ሊንዴን የተባለ ፀረ ተባይ በተደጋጋሚ ከተረጨበት ማሳ ነው። ሊንዴን ስድስት ክሎሪን የተሸከመ የካርቦን ቀለበት ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ ጥቃቅን ሕዋሳት የማይቀመስ ያደረገውም ይኸው ክሎሪን ነው። ይህ ባክቴሪያ ግን ክሎሪኑን በኢንዛይሞች እየነቀለ ቀለበቱን ይከፍትና የቀረውን ካርቦን እንደ ማንኛውም ምግብ ይጠቀምበታል። ቀድሞ ከፈንገስ ለመጠበቅ የስንዴ ዘር ይታሽበት የነበረውን፣ ከሊንዴን የባሰ ግትር የሆነውን ሄክሳክሎሮቤንዚንንም ኖካርዲዮይደስ የተባለ ባክቴሪያ አየር ባለበት ሁኔታ ማፍረስ መቻሉ ታይቷል።

የፍለጋው አጀማመር ቀላል ነው። ከአፈሩ አንድ ማንኪያ ያህል፣ ማዕድናት በተጨመሩበት ውኃ ይበጠበጣል፤ ለምግብነት ግን ከመርዙ በቀር ሌላ ካርቦን አይሰጠውም። ከብጥብጡ ጥቂት እየተቀዳ ወደ አዲስ ብልቃጥ በተዛወረ ቁጥር መርዙን መብላት የማይችለው እየተመናመነ፣ የሚችለው እየበዛ ይሄዳል። ወጪ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ መርዙ በምን ያህል እንደቀነሰና ወደ ምን እንደተለወጠ መለካት። ይህን ሥራ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ ቢይዘው ናሙናው ሩቅ አይጓዝም።

ከውጭ የታሸገ ባክቴሪያ ገዝተን እንርጭ የሚለው ሐሳብ ግን አይዋጥልኝም። በሌላ አገር አፈር ያደገ ባክቴሪያ ከእኛ መሬት ነባር ሕዋሳት ጋር ተሻምቶ፣ የበጋውን ድርቀት ችሎ መክረሙ ያጠራጥራል። ከአፈሩ ጋር የተጣበቀ አሮጌ መርዝ ደግሞ ለአገሬው ባክቴሪያም ቢሆን በቀላሉ አይገኝም። ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ ሌላ ጣጣ አለው፤ ዲዲቲ ጠፋ ተብሎ ዲዲኢ ሆኖ ከቀረ ምንም አልተጸዳም። እንግዲህ የመርዝ ጀሪካኑን ወንዝ ዳር ለሚያጥብ አርሶ አደር «ባክቴሪያ ያጸዳልሃል» የሚል ባለሙያ ቢመጣ ማመን አይገባም።

አሮጌ የፀረ ተባይ መጋዘን እንዲፈርስ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ከፈቃዱ ጋር አንድ ግዴታ ቢጨምር በቂ ነው፤ አፈሩ ሳይነካ ናሙናው በባለሙያ ተወስዶ፣ የተወሰደበት ቦታና ጥልቀት ተጽፎበት በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።